ያልተቆጠረው መንገደኛ፦ ከመተማ ቆላ እስከ ሩቅ በረራ

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ በመካከል የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ስለ ጨረሰ፣ በዘመኑ ለባለ ሁለት ሞተር ጄት የርቀት ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበለት። ስለዚህ በረራ ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍለትም የተገባ ነው። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ግን ከጎንደር ደጋ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርዱ እናቶች፣ አንዱን ልጅ አዝለው ሌላውን በእጃቸው እየመሩ፣ ድንበሩን አልፈው ሱዳን ለመግባት ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ስለነርሱ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከነዚሁ እናቶች ብዙዎቹ ድንበሩን በተሻገሩ በጥቂት ወራት ጊዜ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት በቅርብ አይተውት በማያውቁት አውሮፕላን ተሳፍረው ሦስት ክፍለ ዓለም ረግጠዋል።

የአየር ጉዞ ታሪክ እንደሚታወቀው የሞተር፣ የአብራሪና የኩባንያ ታሪክ ሆኖ ነው የኖረው። ተሳፋሪው በድምር ይጠቀሳል፤ ይህን ያህል ሺህ ሰው ተጓጓዘ ይባልና ይታለፋል። የማኅበራችን የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ስለ ጉዞና ስለ ጤና አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ከዚህ ድምር ውስጥ አንዲቷን ተሳፋሪ ነጥዬ ማየት መረጥሁ፤ ይህችውም ብቻዋን ሆና ከሁለት የማያንሱ ሕፃናት ይዛ ሩቅ አገር የምትሄደው እናት ናት። ጉዳዩን ባገላበጥሁት ቁጥር ጎልቶ የታየኝ አንድ ነገር ነው። በእግር መንገዱም ሆነ በአውሮፕላኑ ውስጥ፣ ጡት ያልጣለው ሕፃን ራሱን እንደ ቻለ መንገደኛ አይቆጠርም። የእናቱ አካል ክፋይ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አለመቆጠር የሚያስከትለውን ዋጋ ሁሉ የምትከፍለው እርሷ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ በጭልጋ በኩል አድርጎ ወደ ገንዳ ውሃ ይደርስና፣ ከገንዳ ውሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ በመተማ ዮሐንስ ያበቃል። ከመተማ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ የሱዳኗ ጋላባት ናት። በመተማ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይወርዳል። መተማ በ19ኛው መቶ ዘመን ቡና፣ ጥጥና ሰም፣ ያሳዝናል እንጂ ባሮችም ጭምር የሚሸጡባት ታላቅ የድንበር ገበያ ነበረች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁትም በዚህችው ቦታ ነው። የድንበሩ ከተማ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በኋላ ዘመን ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱት እርሻዎች ከደጋው የቀን ሠራተኛ እየሳቡ አገሩን አሳወቁት። ደገኛው ግን ቆላውን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው በንዳዱ ነው። ወባ ከአካባቢው ተለይታ አታውቅም፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም በመተማና በሑመራ ቆላዎች የከረመ በሽታ ነው። ከደጋ የሚወርድ ሕፃን ደሙ ከእነዚህ በሽታዎች ጋር ተዋውቆ ስለማያውቅ፣ ቆላ ተወልዶ ካደገው እኩያው ይልቅ ፈጥኖ ይሸነፋል። ስለዚህ የመተማ መንገድ ለጎልማሳ የርቀት ጥያቄ ሲሆን ለሕፃን ግን የደም ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ በዚህ መንገድ የተሰደደው ሕዝብ አንድ ዓይነት አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. መተማና ሑመራ የጦርነት ሜዳ በሆኑ ጊዜ የአካባቢው ገበሬ ወደ ሱዳን ገባ። የከተማ ወጣቶች ከቀይ ሽብር ሸሽተው በዚሁ በኩል ወጡ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲበረታ ደግሞ ከሰሜን ብዙ ሕዝብ ወደ ድንበር ጎረፈ። ከነዚህ መካከል በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ይገኙበታል፤ እነርሱ ሱዳንን ያሰቡት እንደ መሸጋገሪያ ነበር እንጂ እንደ መድረሻ አልነበረም። አንዲት እናት ብቻዋን የምትጓዝበት ምክንያት ከቤት ቤት ይለያያል። የአንዷ ባል ቀድሞ ሄዷል፤ የሌላዋ ታስሯል፤ የሦስተኛዋ ለውትድርና ተወስዷል፤ መንገድ ላይ የሞተባትም ብዙ ናት።

እዚህ ላይ ስለ አንቀልባ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልሻም። ከለፋ ቆዳ የሚሠራው፣ አንዳንዴም በዛጎል የሚያጌጠው ይህ ዕቃ በየቤቱ ስለሚገኝ ማንም ልብ አይለውም። ሥራው ግን ረቂቅ ነው። የሕፃኑን ክብደት በእናቲቱ ትከሻና ወገብ ላይ አከፋፍሎ ሁለት እጆቿን ነፃ ያወጣላታል፤ ልጁንም በገላዋ ሙቀትና በትንፋሿ ምት ያስተኛዋል። ከአንቀልባ የተሻለ የጉዞ መሣሪያ ለአንድ ሕፃን እስካሁን አላየሁም። ሆኖም ጀርባ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆነው በቀን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር እንደ ምንም ይራመድ ይሆናል፤ በሌሊት በእሾህና በድንጋይ መካከል 20 ኪሎ ሜትር መሄድ ግን አይችልም። ጉዞው ደግሞ በሌሊት ነበር። ሽፍታውንና ወታደሩን ለመሸሽ ቀን በጫካ ተደብቀው ውለው፣ ሲመሽ መሪውን ተከትለው ይነሣሉ። ሕፃን ቢያለቅስ መላው ጭፍራ ይያዛል፤ ስለዚህ የሚያጠቡት እናቶች እየሄዱ ያጠቡ ነበር። ውሃ ሲጠፋ የምትጠማው እናት ጡቷ ይነጥፋል። ይህን ለሙያ ባልደረቦቼ ማብራራት አያስፈልገኝም።

በገዳሪፍ ዙሪያ በነበሩት እንደ ኡም ራኩባና ተዋዋ ባሉ የስደተኛ ሠፈሮች መከራው አልቀለለም። በ1976 ክረምትና በ1977 መጀመሪያ በሠፈሮቹ ውስጥ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ወባ ሕፃናቱን አጨደ። በመንገድና በሠፈር የሞቱት ቤተ እስራኤል ብቻ ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ለነርሱ መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ከነርሱ ጋር በአንድ ሠፈር ያለቁት የሌሎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናት መታሰቢያ የላቸውም። ይህን የምለው የአንዱን ሐዘን ከሌላው ለማበላለጥ አይደለም።

ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ የተባለው የምስጢር በረራ ተጀመረ። ስደተኞቹ በሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ በአውቶቡስ ተጭነው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ካርቱም ይወሰዳሉ፤ ከዚያም በአንድ የቤልጅክ ኩባንያ ቦይንግ 707 አውሮፕላኖች ወደ ብራስልስ፣ ከብራስልስም ወደ ቴል አቪቭ ይጓዛሉ። በየበረራው ሁለት መቶ ያህል ሰው ይሳፈር ነበር። ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ የሱዳን መንግሥት በረራውን እስካስቆመበት እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጓጉዘዋል። በመጋቢት ወር የአሜሪካ አየር ኃይል የጭነት አውሮፕላኖች በገዳሪፍ አጠገብ አርፈው ቀርተው ከነበሩት ወደ 500 የሚሆኑትን አወጡ። በሩ በድንገት በመዘጋቱ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያይተው ስድስት ዓመት ያህል የቆዩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የምዕራብ ጋዜጦች በዚያን ጊዜ ስለነዚህ ተሳፋሪዎች ሲጽፉ የአውሮፕላን ደረጃና የኤሌክትሪክ መብራት እንዳስደነቃቸው ደጋግመው አተቱ። በበኩሌ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ተጉዛ፣ ሠፈር ውስጥ ወራት ተቀምጣ፣ ሁለት ሕፃናት በሕይወት ይዛ አውሮፕላኑ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ደረጃውን አይታ ብትደነቅም ባትደነቅም ምን ቁም ነገር አለው?

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. የተካሄደው ዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ ከአዲስ አበባ የተነሣ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በሦስተኛው ቀን ከ30 በላይ አውሮፕላኖች በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,300 የሚበልጡ ሰዎችን አመላለሱ። ብዙ ሰው እንዲይዙ የአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች መቀመጫ ተነቅሎ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው አንዱ ቦይንግ 747 የጫነው ሕዝብ ነው፤ 760 ያህል ይይዛል ተብሎ ሲገመት ከ1,080 በላይ ሰዎችን በአንድ ጊዜ አጓጉዞ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈረ። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ እንደ ተምታታ ነው። አንዱ ምክንያት በጉዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናት መኖራቸው ሲሆን፣ ሌላው እናቶቹ ትንንሾቹን በልብሳቸው ውስጥ ሸሽገው ስለ ገቡ ቆጣሪው ሳያያቸው ማለፉ እንደ ሆነ ይነገራል። በዓለም ትልቁን ጭነት የተሸከመው አውሮፕላን ስንት ሰው እንደ ጫነ በትክክል የማይታወቀው በነጠላ ሥር በነበሩት ሕፃናት ምክንያት ነው ማለት ነው።

ከሱዳን የወጡት ሌሎች ኢትዮጵያውያን መንገዳቸው የተለየ ነበር። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. አዲሱን የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ከካርቱም ወደዚያ ተሻገረ። ጉዞውን ያሰናዳ የነበረው ዛሬ ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ቲኬቱ ግን ስጦታ አልነበረም፤ ያለ ወለድ የሚከፈል ብድር ነበር እንጂ። ቤተሰቡን ይዛ የምትወጣው እናት ከመሳፈሯ በፊት የራሷንና የልጆቿን ዋጋ የያዘ የዕዳ ሰነድ ትፈርማለች። በአንድ እጇ የሰነዶቿን ከረጢት፣ በሌላው ልጇን ይዛ፣ የማታውቀው ከተማ ስትገባ ባለ ዕዳ ሆና ትገባለች።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ እንግባ። በዚህ ረገድ የእኛ ሙያ የማይናቅ ታሪክ አለው። በዓለም የመጀመሪያዋ የሴት የበረራ አስተናጋጅ ኤለን ቸርች ነርስ ነበረች። በ1922 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እርሷንና ሰባት ሌሎች ነርሶችን የቀጠረው፣ የዘመኑ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በነፋስ እየተናጠ ስለሚበርና ተሳፋሪው በብዛት ስለሚታመም ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የነርስነት ምስክር ወረቀት ለሥራው ግዴታ ሆኖ ቆየ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ነርሶቹ ወደ ጦር ሆስፒታል ስለ ተፈለጉ ግዴታው ቀረ፤ ተመልሶም አልመጣም። አውሮፕላኑ እየፈጠነ፣ ጉዞው እየረዘመ ሲሄድ ከሕፃን ጋር ለሚጓዘው ሰው የተደረገው ነገር ከግድግዳ ጋር የሚገጠም ትንሽ አልጋ ነው። እርሱም ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ከአሥር ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ሕፃን ብቻ ይይዛል፤ አየሩ በተናወጠም ጊዜ ልጁ ተነሥቶ ወደ እናቱ ጭን እንዲመለስ ይታዘዛል።

የቲኬቱ ደንብ ያው የጥንቱ አቆጣጠር ነው። በዓለም አቀፍ በረራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን መቀመጫ ካልያዘ በተለምዶ ከአዋቂው ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ይከፈልለታል፤ በመንገደኞች መዝገብም ከእናቱ ስም ጎን ተቀጥላ ሆኖ ይጻፋል። አንድ አዋቂ በጭኑ መያዝ የሚፈቀድለት አንድ ሕፃን ብቻ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው፤ አደጋ ቢደርስ ሁለት ሕፃን የኦክሲጅን ጭምብል ሊያጠልቅና ከአውሮፕላን ሊያወጣ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ መንታ ያላት ወይም አከታትላ የወለደች እናት ለሁለተኛው መቀመጫ መግዛት አለባት። ጀርባ አንድ መሆኑን መንገዱ ያስተምር እንደ ነበረ፣ ጭን አንድ መሆኑን ደንቡ ይናገራል።

እኔም የአምስት ወርና የሁለት ዓመት ተኩል ልጆቼን ይዤ ብቻዬን ወደ አውሮፓ በበረርሁበት ሌሊት ይህን በራሴ አይቻለሁ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል አስተናጋጇ ታናሹን ካዘልሁበት እንድፈታው ጠየቀችኝ። በልቤ ተቀየምሁ፤ ትክክለኛዋ ግን እርሷ ነበረች። ድንገተኛ ግጭት ቢደርስ ከአዋቂ ገላ ጋር የታሰረ ሕፃን በአዋቂው ክብደት ይጨፈለቃል። ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየነቃ፣ መፀዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ አጠገቤ የተቀመጡትን ስማቸውን የማላውቅ ሽማግሌ «እባክዎ አባቴ፣ ይህን ልጅ ይያዙልኝ» ማለት ነበረብኝ። እርሳቸውም ያዙልኝ፤ ሕፃኑም በእርሳቸው እቅፍ ከእኔ ዘንድ ይልቅ ጸጥ አለ።

የጭኑ ጉዳይ ያስከተለው ክርክር ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ በሱ ሲቲ ከተማ በወደቀው ዲሲ 10 አውሮፕላን ጎልቶ ወጣ። ከ296 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 112 ሞቱ። በአዋቂ ጭን ይጓዙ ከነበሩት አራት ሕፃናት አንዱ ጠፋ። አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት ወላጆች ሕፃናቱን በእግራቸው ሥር ወለል ላይ አስተኝተው እንዲይዟቸው ተነግሯቸው ነበር፤ የዘመኑ መመሪያ ይህ ነበርና። መመሪያውን የተናገሩት የአስተናጋጆቹ አለቃ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ማንኛውም ሕፃን የራሱ መቀመጫ ይኑረው ብለው ሲሟገቱ ኖረዋል። የአገሪቱ የአደጋ መርማሪ ቦርድም ሐሳቡን ደገፈ። የአቪዬሽኑ ባለ ሥልጣን ግን አልተቀበለውም፤ መቀመጫ ግዴታ ከሆነ ወጪው የከበደው ቤተሰብ ወደ መኪና ይዞራል፣ በመኪና መንገድ የሚሞተው ሕፃን ደግሞ ይበዛል ሲል መለሰ። ስሌቱ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ክርክር ውስጥ የመቀመጫው ዋጋ የእናቲቱ ዕዳ መሆኑ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ማለፉን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ጠቃሚ መስሎ የታየኝን አንድ ነገር ልጨምር። በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን የውስጥ አየሩ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባም ሆነ የጎንደር ሕፃን በሰማይ ላይ የሚተነፍሰው አየር ግፊቱ ከአገሩ አየር ብዙም አይለይም። ከመተማ ወይም ከካርቱም የመጣው የቆላ ልጅ ግን በአንድ ጊዜ ደጋ እንደ ወጣ ይሆናል። ከቦሌ የተነሣ ሕፃን ሲወጣ ጆሮው እምብዛም አይሰማውም፤ የሚጮኸው አውሮፕላኑ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች መውረድ ሲጀምር ነው። በዚያ ሰዓት መጥባት፣ መዋጥም፣ የጆሮውን መተንፈሻ ይከፍትለታል። የውስጡ አየር ከምድረ በዳ ይልቅ ደረቅ ስለሆነ እናቲቱ ውሃ አብዝታ መጠጣት አለባት። በመተማ ጫካ ውስጥ የነበረው ችግር፣ የምታጠባ እናት ጥም፣ በመጠኑ አንሶም ቢሆን በ10,000 ሜትር ከፍታ ይደገማል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ቀን ተዘጋ። ያን ጊዜ የመተማ መንገድ ተገለበጠ፤ ሰው ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ይሻገር ጀመር። ሱዳናውያን፣ በሱዳን ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያን፣ በሥራ ሄደው የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በደርዘን የሚቆጠሩ የሌሎች አገሮች ዜጎችም በመተማ ዮሐንስ ገቡ። ከስደተኞቹ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከፊሎቹ ከገንዳ ውሃ ወዲያ በኩመርና በአውላላ ሠፈሩ፤ እነዚያም ሠፈሮች በጸጥታ መታጣት ምክንያት ኋላ ተለቀቁ። መሄጃ አገር ያላቸው ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ወጥተው፣ ከአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደየአገራቸው በረሩ። የአርባ ዓመቱ መንገድ እንዲህ ወደ ኋላ ሲታጠፍ፣ ብቻዋን ሆና ልጆች የምትይዘዋ እናት ያው እንደ ነበረች ናት፤ ባሏ ካርቱም ቀርቶ ቤት የሚጠብቅ፣ ወይም የት እንደ ደረሰ የማይታወቅ።

በፍተሻው በር ላይ ያዘለችውን እንድትፈታ ትጠየቃለች። ማዘያው ለብቻው በመሣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ ጫማዋም፣ የልጆቹ ስንቅም። ታላቁ ልጅ እጇን ለቅቆ ወደ ኋላ ይሮጣል። ታናሹን በዚያች ደቂቃ የሚይዝላት ሠራተኛ ስለማይመደብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዝላት ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ነው።